አስወርዳለች፣ አስወርዷታል

ገበሬ ይሏታል። መሬት የላትም፣ በሬ የላትም፣ ማረሻም በዓይኗ አይታ አታውቅም። የኮትና የካፖርት ገበር ሰፊ ስለሆነች ነው። ሃያ ሦስት ማሽን በተደረደረበት ረጅም አዳራሽ ውስጥ ከመስኮቱ ሁለተኛው ማሽን የእሷ ነው። እጅጌ የሚገጥመው እጅጌ ይገጥማል፣ ኮሌታ የሚያዞረው ኮሌታ ያዞራል፣ ገበር ሲባል ግን እሷ ናት። አንድ ቀን ቁልፍ ሰፊዋ፣ አፏ ከመርፌዋ የማይተናነስ ጓደኛዋ፣ «ገበር የሚሠራ ገበሬ ካልተባለ ማን ሊባል ነው?» አለችና አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ከዚያ ወዲህ አለቃውም ሳይቀር ገበሬ ነው የሚላት።

ገበሬ አንድ ሕግ አላት። የሚጠገን ኮት ሲመጣ መጀመሪያ ትገለብጠዋለች። አለቃው «ሰውዬው ቆሞ እየጠበቀ ነው፣ ቶሎ በይ እንጂ» ቢላት፣ «ይጠብቅ! ሳልገለብጥ አልነካውም» ትላለች። የልብስ ችግር ከውጭ ይታያል እንጂ ከውጭ አይገኝም ባይ ናት። ደግሞም ተሳስታ አታውቅም።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ እንዲህ ያለችውን ሴት ነው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም ሳይገለብጥ ሲነካካት የኖረው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ባሏ የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኝ ነው። እንደ እሱ ያለ ትዕግሥተኛ አልተፈጠረም። ለማጁ ግንብ ሊገጭ ሲል እንኳ «ቀስ… ቀስ…» ከማለት በቀር ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ እግሩን ብቻ በእሱ በኩል ባለችው ትርፍ ፍሬን ላይ ያሳርፋል። ከአፉ የማትጠፋ አንድ አባባል አለችው፤ «ዝም አይነቅዝም»። ጎረቤቱ ሁሉ «ምን ዓይነት ዕድለኛ ነሽ አንቺ» ይላታል። እሷም እንደዚያው ታስብ ነበር።

በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት አረገዘች። ሦስተኛ ወሯን ልትደፍን አራት ቀን ሲቀራት፣ ማሽኗ ላይ እንዳለች ወገቧን ቆረጠማት። ተነስታ ዞር ስትል ወንበሩ ደም ሆኗል። ባሏ ለሥልጠና ተብሎ ሌላ ከተማ ከሄደ ገና ሳምንቱ ነው። በታክሲ ጭና ሆስፒታል ያደረሰቻት ቁልፍ ሰፊዋ ናት። መቀበያው ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ ራሱን ቀና ሳያደርግ «ምን ሆና ነው?» አለ።

«አስወረዳት!» አለች ቁልፍ ሰፊዋ እየጮኸች።

እሱም ጻፈ። ገበሬ በተሽከርካሪ አልጋ ተገፋች። ሐኪሙ አየና «ውስጥ የቀረ አለ፣ መጠረግ አለበት» አለ፤ ተጠረገች፤ በማግስቱ በእግሯ ወጣች። ያ ጸሐፊ ምን ብሎ እንደጻፈ ያኔ አላየችም። ደሙ እየፈሰሰ ፊደል የሚቆጥር ሰው ደግሞ የት አለ?

የባሏ ታላቅ እህት ወንድሟ በሌለበት ልታስታምም መጥታ ነበር። ካርዱን ይዛ ከክፍል ክፍል ስትዞር የዋለችው እሷ ናት። ይህን ያዙልኝ።

ባሏ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። እህቱ መናኸሪያ ሄዳ ተቀበለችው። ቤት ሲገባ ገበሬ ከአልጋዋ ቀና ብላ ልትነግረው አፏን ስትከፍት፣ እጇን ይዞ «ተይው። አታውሪው። ያለፈ አልፏል» አላት። እሷም፣ የዋህ፣ ሐዘኑ ከብዶት መሰላት። «እንዲህ ያለ ልብ ማን ሰጠው» ብላ የራሷን እንባ ዋጥ አደረገች። ከዚያ በኋላ ማልቀስ ሲያምራት የአዳራሹ ሽንት ቤት ገብታ ነው የምታለቅሰው፤ ሃያ ሦስት ማሽን ሲጮህ ማን ይሰማል?

ከዚያ በኋላ ልጅ እምቢ አለ። ዓመት ጠበቁ፣ ዓመት ተኩል ጠበቁ። ከዚያ ወደዚያው ሆስፒታል ሄደች። ሐኪሙ ካርዷን ገለጠ፣ አነበበ፣ ከዚያ በመነጽሩ ላይ ቁልቁል አያት።

«ያኔ ስታስወርጂ ይህን አላሰብሽም ነበር?»

«ኧረ እኔ… አስወርዶኝ እኮ ነው ዶክተር።»

«ያው ነው» አለና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

ያው ነው! ወይ ጉድ!  ገበሬ የተጻፈላትን መድኃኒት እንኳ ሳትገዛ ወጣች፤ ደረጃውን ስትወርድ በልቧ የማለችው ግን እስከ ዘመኗ መጨረሻ ያንን ነገር ለማንም ሐኪም ላትነግር ነው። በኋላ የግል የመካንነት ሕክምና ቦታ ስትሄድ ቅጹ ላይ «ከዚህ በፊት እርግዝና ነበር?» የሚል መጣ። «የለም» ብላ ጻፈች። ተሳሳተች? አዎ ተሳሳተች፣ አልክድም። ግን ያሳሳታት ማን ነው?

ሰባት ዓመት። ኪኒን ዋጠች፤ ሆዷን በመርፌ ወጋች፣ አንዳንዴ የምሳ ሰዓት ላይ ካፖርት ጀርባ ተደብቃ። አልትራሳውንዱን ተመልክተው ሁልጊዜ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ይሏታል። እንቁላል ተወሰደላት፣ ላብራቶሪ ውስጥ ከባሏ ዘር ጋር ተገናኘ፣ ሦስት ፅንስ ተገኘ። አንዱ ተቀመጠላት፤ አልያዘም። ሁለተኛው ተቀመጠላት፤ አልያዘም። አንድ ብቻ በማቀዝቀዣ ውስጥ ቀረ። ዕድሜዋ ሠላሳ ስድስት ሆኗል፤ እንደገና እንቁላል ማውጣት አቅሙም፣ ጉልበቱም የለም። እንግዲህ ያቺ አንዷ ናት ተስፋው ሁሉ።

በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። የባሏ እህት በየዘመድ ቤቱ «ገበሬ ተብላ ዘር የማታበቅል!» እያለች ሰው ታስቅ ነበር። ወሬው ገበሬ ጆሮ ሲደርስ «ምን ታድርግ፣ የወንድሟን ልጅ ማየት ጓጉታ ነው» ብላ ታልፈዋለች። ያልገባት ሌላው ነው። ዘመድ ሲሰበሰብ፣ የሰው ሕፃን ልታቅፍ እጇን ስትዘረጋ፣ ሴቶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። መካን የሚታይበት ዓይን አይደለም። ሌላ ዓይን ነው።

በሰባተኛው ዓመት የሚያክሟት ሐኪም ለቀቁና በእሳቸው ቦታ እናቷን የምታህል፣ ጸጉሯ የሸበተ፣ ቀልድ የማታውቅ ሐኪም መጣች። ገበሬን አስቀምጣ ፋይሉን ወደ ጎን ገፋችው።

«እሱን አንብቤዋለሁ። አሁን አንቺ ንገሪኝ። የወር አበባሽ ስንት ቀን ይቆያል?»

«አንድ ቀን ተኩል።»

«ድሮም እንዲህ ነበር?»

«ድሮማ አምስት ቀን ነበር።»

«ከመቼ ወዲህ ነው የቀነሰው?»

«ከዚያ ወዲህ ነው።»

«ከዚያ ማለት?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ገበሬ ጣራውን አየች፣ ወለሉን አየች፣ ከዚያ የፈለገው ይምጣ ብላ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ወንበሩን፣ ደሙን፣ ጥረጋውን፣ «ያው ነው» ያላትን ሐኪም። ሐኪሟ እስክትጨርስ ጻፈች። በኋላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና፣

«ከተጠረግሽ በኋላ የወር አበባሽ ቀነሰ። ሁለት ፅንስ ደግሞ አልያዘም። እና እስከ ዛሬ ማንም የማህፀንሽን ውስጥ በዓይኑ አላየውም?» አለች።

«አልትራሳውንድ…»

«እሱ ከውጭ ነው የሚያሳየው። ማህፀን ሲጠረግ አንዳንዴ ይቆስልና ሲድን የፊቱ ግድግዳ ከኋላው ጋር ይጣበቃል። አልትራሳውንድ ያንን ሊስተው ይችላል። እኔ የምልሽ ሂስተሮስኮፒ ነው፤ ቀጭን ቱቦ ነው፣ ጫፉ ላይ ካሜራ አለው። ሆድ አይቀደድም፣ በተፈጥሮው በር ነው የሚገባው። ውኃ እየለቀቅን ማህፀኑን ከፈት እናደርግና ውስጡን በስክሪን እናየዋለን።»

ገበሬ ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

«ቆይ ዶክተር… ውስጡን ሳያዩ ነው እንዴ ሁለቱን ልጆቼን ያስቀመጡብኝ? እኔ አንድ የሰው ኮት ሳልገለብጥ አልነካም! ኮት!»

«ያልነገርሻቸውን ከየት ያውቁታል?» አለች ሐኪሟ፤ ወዲያው ደግሞ ድምፇን ዝቅ አድርጋ፣ «ግን የወር አበባሽን መጠየቅ ነበረባቸው። የመጀመሪያው እንኳ ቢቀር፣ ሁለተኛው ሲከሽፍ መጠየቅ ነበረባቸው። እኔ የቀረችውን አንዷን ውስጡን ሳላይ አላስገባም። ሂጂና የድሮውን ካርድሽን ቅጂ አምጪልኝ» አለቻት።

የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ምድር ቤት ነው። የብረት መደርደሪያ እስከ ጣራ፣ ከፊቱ እጅ የምታስገባ መስኮት፣ ከመስኮቷ ኋላ ሹራብ ኮፍያ ያጠለቀ ጎልማሳ። ካርዱን አቧራውን እፍ ብሎ አወጣ፣ ቅጂ አነሳላት፣ ማኅተም መታ። ገበሬ ደረጃው ላይ ቆማ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ራሷ የተጻፈውን አነበበች።

«ዕድሜ 27። የሦስት ወር ፅንስ አስወርዳለች። ደም ይፈሳታል። ተጠርጋለች።»

አስወርዳለች።

አንድ ጊዜ አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው። በሦስተኛው የሐኪሙ መነጽር ትዝ አላት፤ «ያኔ ስታስወርጂ» ያላት ለካ አፉን ስቶት አይደለም፣ አንብቦ ነው! ተመልሳ መስኮቷ ላይ ደረሰች።

«ወንድሜ፣ ይኼ ስህተት ነው። እኔ አላስወረድኩም። አስወርዶኝ ነው።»

ሰውየው ወረቀቱን አየና «ያው ነው እኮ እናቴ። ሁለቱም ውርጃ ነው የሚባለው» አላት።

ደሟ ፈላ።

«ያው ነው? ሰው ሞተበትና ሰው ገደለ ያው ነው? ቤት ተቃጠለበትና ቤት አቃጠለ ያው ነው? አንተን ልጅህ ቢሞትብህ፣ ልጁን የገደለው ሰውዬ መጣ ብዬ ካርድ ልጻፍልህ?»

 ሰውየው ሳል ሳል አለና «ለማስተካከል የሐኪም ደብዳቤ ያስፈልጋል» ብሎ የሚቀጥለውን ጠራ።

ባሏ ውጭ፣ ጣራዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ በተገጠመባት መኪና ውስጥ እየጠበቃት ነው። መንዳት ያስተማራት እሱ ነው፤ አብረው ሲሄዱ እሷ ትነዳለች፣ እሱ እንደ ልማዱ ከትርፉ ፍሬን በኩል ይቀመጣል። መኪናዋን አስነሳች፣ መንገድ ገባች። ቀይ መብራት ሲይዛቸው ወረቀቱን ጭኑ ላይ ጣለችለት።

«አንብበው።»

አነበበ። አንብቦ በእርጋታ አጠፈና መለሰላት። አልደነገጠም። ገበሬን ያስደነገጣት እሱ አለመደንገጡ ነው።

«ምነው፣ ምንም አልመሰለህም?»

«አውቀዋለሁ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«ምኑን?»

«ያኔ እህቴ ነግራኛለች፤ ካርዱ ላይ አንብባ። መናኸሪያ ስትቀበለኝ።» ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ያን ሰሞን የክፍሉ ኃላፊ ሊያደርጉሽ ነበር፣ ሥራው… ገባኝ። ልጅ ነበርሽ። ያኔውኑ ይቅር ብዬሻለሁ። አንድ ቀን አንስቼብሽ አውቃለሁ?»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ገበሬ ግን ፍሬኑን ረግጣ ቀረች።

ይቅር ብሎ! ዘጠኝ ዓመት! በየዘመዱ ቤት ሴቶቹ እርስ በርስ የሚተያዩት፣ ሕፃን ስትቀበል ዓይናቸው እጇን የሚከተለው፣ ሁሉም ባንዴ ገባት። እሷ በሽንት ቤት ስታለቅስለት የኖረችውን ልጅ ሁሉም እሷ የጣለችው ይመስላቸዋል። ያቺ «ተይው፣ አታውሪው» ያላት ቃል፣ ለዘጠኝ ዓመት እንደ ውድ ዕቃ ያስቀመጠቻት ቃል፣ ማጽናኛ አልነበረችም። ምሕረት ነበረች። ለወንጀለኛ የሚሰጥ ምሕረት!

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለች፤ ድምፇ የራሷ አልመስል አላት። «አንድ ጊዜ፣ በአንዲት ቃል፣ ‹እውነት ነው ወይ› ብለኸኛል?»

«እንዳላስከፋሽ ብዬ… ያው ዝም አይነቅዝም…»

«ነቅዟል! ዝምታህ ነቅዟል! ይሄው፣ ውስጡ ዱቄት ሆኗል! ነፍሰ ገዳይ አቅፈህ እየተኛህ ጻድቅ ሆነህ ኖርክ አይደል? ሰፈሩ ሁሉ ‹ዕድለኛ ነሽ› ይለኝ ነበር እኮ! ይቅርታህን መልሰህ ውሰድልኝ! አልገደልኩም፣ አልሰረቅኩም፣ ይቅርታ ምን ይሠራልኛል?»

ከኋላ የተደረደረው መኪና ጡሩምባውን ያስጮኻል። አንዱ ሾፌር በጎን ሲያልፍ አንገቱን አውጥቶ «አሠልጣኝ! ፍሬኑን ሳይሆን ነዳጁን አስተምራት!» አለ። «አፍህን ዝጋ አንተ!» ብላ ጮኸችበት፤ በሕይወቷ እንደዚያ ጮኻ አታውቅም።

 ባሏ ዘጠኝ ዓመት የዘገየውን ጥያቄ ጠየቀ።

«ታዲያ… አስወርዶሽ ነው?»

«አስወርዶኝ ነው።»

«እኔ እኮ…» አለና አቃተው። እንደገና ሞከረ። «እኔ እኮ አላለቀስኩለትም። አንቺ ያልፈለግሽውን እኔ ባለቅስለት ያስከፋሻል ብዬ…»

ገበሬ አላዘነችለትም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ዕለት ቅንጣት አላዘነችለትም። በሩን ከፍታ ወረደችና በእግሯ ወደ ሥራዋ ሄደች። እሱ ከትርፉ ፍሬን ወደ ዋናው ወንበር ሲሻገር ጉልበቱ ከማርሹ ጋር ተላተመ። ቁልፍ ሰፊዋ ነገሩን ስትሰማ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «በዚህ አፌ ነው ያልኩት! አስወረዳት ነው ያልኩት! ያ ደንቆሮ!» እያለች ከሰዓቱን ሙሉ ቁልፍ ሁሉ ጠማማ ሰፋች።

ሳምንት ሙሉ ቤት ውስጥ የሚሰማው የሳህን ድምፅ ነው፤ እሱ ያጥባል፣ እሷ ትደረድራለች። የምርመራው ቀን ሲደርስ፣ የወር አበባዋ በመጣ በስምንተኛው ቀን፣ ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። «ልምጣ?» አለ። «ና» አለች። እጇን እንዲይዝላት አይደለም። በዓይኑ እንዲያይ ነው።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋ፣ እግር መስቀያ፣ የተንጠለጠለ የውኃ ከረጢት፣ ግድግዳው ላይ ስክሪን። የሚያስተኛ ማደንዘዣ ትፈልግ እንደሆነ ተጠይቃ እምቢ ብላለች፤ የሕመም ማስታገሻ ብቻ ወስዳ ገባች። «ዘጠኝ ዓመት ሳይታይ የኖረውን እኔም ልየው» ነው ያለችው። ሐኪሟ «ትንሽ እንደ ወር አበባ ይቆርጥሻል፣ ካልቻልሽ ንገሪኝ፣ አቆማለሁ» አለች። ቱቦው ሲገባ ቆረጣት፤ ጥርሷን ነከሰች። ውኃው ቀዝቀዝ ብሎ ገባ። ስክሪኑ መጀመሪያ ደፈረሰ፣ ከዚያ ጠራ፣ ቀላ ያለ መንገድ ታየ።

መንገዱ ግን መሃል ላይ ቆመ። ከፊት ወደ ኋላ የተወጠረ ነጭ ጅማት የመሰለ ነገር አለ፤ ከጎኑ ሌላ፣ ከዚያ ማዶ ደግሞ ጨለማ።

«ይሄው» አለች ሐኪሟ። «ተጣብቋል። ጠባሳ ነው፣ ከጥረጋው የመጣ።»

ገበሬ ሕመሟን ረሳች። ይህን ነገር ታውቀዋለች። ጀማሪ ሰፊ ኪስ ሲሰፋ ገበሩን አብሮ ይሰፋዋል፤ ከውጭ ሲያዩት ኪስ ነው፣ ክዳን አለው፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፣ እጅ ግን አይገባበትም። ስንቱን እንዲህ ያለ ኪስ ፈትታለች! ሁለቱ ፅንሶች ትዝ አሏት። ገብተው የት ይረፉ?

«ኪሱ ተሰፍቷል» አለች ጮክ ብላ። «ከውጭ እያያችሁ ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው ትሉኝ ነበር። ተሰፍቷል!»

ሐኪሟ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ መቀስ በቱቦው አስገብታ ጅማቱን ከመሃሉ ቆረጠችው፤ ከዚያ ሁለተኛውን፤ እየቆረጠች በሄደች ቁጥር ያ ጨለማ ወደ ኋላ እየሸሸ፣ ቦታው እየሰፋ መጣ። ባሏ ከራስጌዋ ቆሞ ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። ሐኪሟ ዞር ሳትል «ልብ ብላችሁ ስሙኝ» አለች። «ይህ በማንም ጥፋት የመጣ አይደለም። በእሷማ በፍጹም። ሰውነቷ ቆስሎ በራሱ የዳነበት መንገድ ነው። ቀድሞ ቢታይ ቀድሞ ይፈታ ነበር። በቃ።» አንድ ወር ሆርሞን እንድትወስድና ተመልሳ እንድትታይ አዘዘች፤ ለካርድ ክፍሉም ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጻፈችላት።

ካርድ ክፍሉ አስተካከለ። ባለ ሹራብ ኮፍያው ሰውዬ በቀይ እስክሪብቶ «አስወርዳለች» የሚለውን ሰረዘና ከላዩ «አስወርዷታል» ብሎ ጻፈ። ገበሬ ፊደሉን አንድ በአንድ አየችው። «አመሰግናለሁ» አላለችም፤ ምን አድርጎላት?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባሏ ሳትጠይቀው ቁልፉን ሰጣትና «እህቴ ቤት አድርሽኝ» አላት። ፎቁ ሥር አቆመች። «አንቺ እዚሁ ሁኚ፣ ይህ የእኔ ነው» ብሎ ወረቀቱን ይዞ ወጣ። መስኮቱ ክፍት ነው። ገበሬ እጇን መሪው ላይ አድርጋ ተቀመጠች። መጀመሪያ የእህትየው ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ «እና ምን ይሁን? እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት! ደግሞስ ምን ልዩነት አለው፣ ልጁ እንደሆነ የለም፣ ያው ነው!»

«ያው አይደለም!»

መንገድ ላይ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ቀጥ አሉ። ድምፁ እንዲህ እንደሚወጣ እሱም አያውቅም ነበር። «ያው አይደለም እትዬ! ሚስቴ ልጇ ሞቶባት አንቺ ገዳይ አደረግሻት፣ እኔም አምኜ ዝም አልኩ! ለነገርሻቸው ሁሉ በየቤታቸው ሄደሽ ትነግሪያለሽ! አንድ በአንድ! ካልሆነ ወንድም የለሽም!»

ሲወርድ ፊቱ ላብ ብቻ ነው። ገብቶ በሩን ዘጋ። ገበሬ በጎን አየችውና «በዚህ ሁሉ ፍጥነት ትርፍ ፍሬንህን የት ጥለኸው ነው?» አለችው። ከሳምንታት በኋላ የመጀመሪያዋ ቀልድ ናት። ይቅር ብላዋለች ማለት ግን አይደለም። እሱም አልጠየቃትም፤ ይቅርታ የሚባለውን ቃል ሁለቱም ፈርተውታል።

በወሩ ሐኪሟ እንደገና ካሜራዋን አስገብታ አየች። ኪሱ ክፍት ነው። ከእንግዲህ የቀረችው አንዷ ናት፤ ትያዝ አትያዝ ማንም ቃል አይገባም፣ ሐኪሟም አልገባችም። ማሳረፊያ ቦታ ግን አላት።

ፅንሷ የምትቀመጥበት ቀን ጠዋት ነርሷ አዲስ ቅጽ አመጣች። ገበሬ ልብስ ልትቀይር ገብታ ስለነበር ባሏ ነው ጉልበቱ ላይ አስደግፎ የሞላው። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ። «ከዚህ በፊት እርግዝና ነበር? ምን ሆነ?» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ።  ከዚያ ጻፈ፣ ለነርሷም ሰጣት።

ነርሷ አነበበችና ሳቋ መጣ። «ወይኔ አባቴ፣ ተሳስተዋል እኮ። ወንድ ያስወርደዋል እንዴ? ‹አስወርዷታል› ነው የሚባለው።»

ገበሬ ነጭ ጋውኗን ለብሳ ብቅ ስትል ነው ይህን የሰማችው። ወረቀቱን ከነርሷ እጅ ተቀበለች። በባሏ የተጠነቀቀ ጽሕፈት፣ ፊደሉ በጣም ተጭኖ፣ «አንድ ልጅ ነበረን። አስወርዶናል» ይላል።

ቀና ብላ አየችው። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሰው ባለበት፣ ፊቱን ሳይሸፍን እያለቀሰ ነው።

ነርሷ እስክሪብቶዋን አወጣች። «ላስተካክለው?»

«ተይው» አለች ገበሬ። «ትክክል ነው።»